እኛ ባቡር ስንጠብቅ እኛን የሚጠብቁን ሰዎች

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተሳፍሮ በቀዩ መስመር ወደ መሐል ዋሽንግተን ዲሲ የሚወርድ ሐበሻ ሁሉ፣ ታኮማን አልፎ ፎርት ቶተን ከመድረሱ በፊት በአንድ ቦታ ላይ ያልፋል። ስልካችን ላይ አቀርቅረን ስለምንጓዝ ቦታውን ልብ አንለውም። ሰኔ 15 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 22 ቀን 2009፣ በሥራ መውጫ ሰዓት አንድ ባቡር እዚያ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ከኋላው የመጣው ባቡር ገባበት። 9 ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የኋለኛው ባቡር ነጂ ነበረች። ነጂዋ የአደጋ ጊዜ ፍሬን ይዛ እንደነበር በምርመራው ታውቋል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው አውቶማቲክ ሲስተሙ ነበር፤ ሲስተሙ ደግሞ ፊት ለፊቱ ባቡር መኖሩን አያውቅም። ለእሱ ሐዲዱ ባዶ ነው።

ይህን የማነሣው የቆየ ሐዘን ለመቀስቀስ ብዬ አይደለም። ስለ አንድ ሥራ መጻፍ ፈልጌ ነው። ሥራው እዚህ አሜሪካ «ሲግናል ሜንቴይነር» ይባላል፤ በእኛ የባቡር ምልክት ጥገና ሠራተኛ ብንለው ያስኬዳል። ሁለት ሐበሾች ተገናኝተው «ምን ላይ ነህ?» ሲባባሉ የሚሰማውን መልስ ታውቁታላችሁ፦ አይቲ፣ ትራክ፣ ነርሲንግ፣ ኡበር፣ ፓርኪንግ፣ «የራሴን ነገር እየሞከርኩ ነው»። «ሲግናል ላይ ነኝ» ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነው። አገር ቤት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሮ፣ እዚህ መጥቶ ሦስት ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ አሁን በመካከለኛው ምዕራብ ለአንድ የጭነት ባቡር ድርጅት የሚሠራ ወዳጄ ነው። እኔ በሶፍትዌር ነው የምተዳደረው። የሲስተም አስተማማኝነት ምን ማለት እንደሆነ ግን ከማስተርስ ትምህርቴ ይልቅ እሁድ እሁድ ከእሱ ጋር ከማወራው የስልክ ወሬ የበለጠ የገባኝ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐዲዱ ነው። በ1872 ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ አንድ ሐሳብ በስሙ አስመዘገበ። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይለያል፤ በመጋጠሚያው ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ይገባበታል። በአንዱ ክፍል ጫፍ ባትሪ፣ በሌላው ጫፍ ሪሌይ ይቀመጣል። ኤሌክትሪኩ በአንደኛው ሐዲድ ሄዶ፣ በሪሌዩ ውስጥ አልፎ፣ በሁለተኛው ሐዲድ ይመለሳል። ኤሌክትሪኩ እስካልተቋረጠ ድረስ ሪሌዩ ውስጥ ያለው ማግኔት አንዲት ብረት ወደ ላይ ስቦ ይይዛል፤ ብረቷ ከተያዘች መንገዱ ነጻ ነው። ባቡር ሲገባ ጎማና አክሰሉ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኟቸዋል። ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ይመለሳል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ብረቷ ትወድቃለች፣ መብራቱ ይቀላል።

አሁን ደግሞ ነገሮች ሲበላሹ አስቡት። ባትሪው ቢያልቅ ብረቷ ትወድቃለች፤ ቀይ። ሽቦ ቢበጠስ፤ ቀይ። ሐዲዱ ራሱ ቢሰበር ኤሌክትሪኩ ይቋረጣልና፤ ቀይ። ብረቷን ወደ ታች የሚያወርዳት ደግሞ የራሷ ክብደት ነው፤ ስፕሪንግ ይሰበራል፣ የመሬት ስበት ግን አይሰበርም። ብረት ከብረት ጋር በብልጭታ ተበይዶ እንዳይቀር ብለው ከሚነካኩት ጫፎች አንዱን ከካርቦን ሠርተውታል። እንግዲህ 150 ዓመት ያለፈው ዕቃ ነው። እኛ «ክላውድ» ላይ የምንሠራው ነገር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ይሄኛው ሲበላሽ «አላውቅምና ቁም» ይላል።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ብልሽት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባቡር ሳይኖር ቀይ የሚያበራው ነው፤ ያናድዳል፣ ባቡር ያዘገያል፣ ሰው አይገድልም። ሁለተኛው ባቡር እያለ «የለም» የሚለው ነው። የጥገና ሠራተኛው ዕድሜውን የሚፈጀው የመጀመሪያውን በመጠገን ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ሁለተኛው እንዳይፈጠር ነው።

ወዳጄ የራሱ ክልል አለው። ይህን ያህል ማይል ሐዲድ፣ ይህን ያህል ምልክት፣ ይህን ያህል የመኪና ማቋረጫ፣ አንድ ፒክአፕ፣ መልቲሜትር፣ የቁልፍ ዘለላ። በየማቋረጫው አጠገብ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ አንዳንዴም ሰው የሚገባበት ትንሽ ክፍል የሚያህል የብረት ቤት አይታችሁ ይሆናል። ውስጡ ባትሪ፣ ሪሌይ፣ የኤሌክትሮኒክስ ካርድና መዓት ሽቦ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አለው፤ ተጠባባቂው ባትሪ በየወሩ ይፈተሻል፣ ሌላው በየሦስት ወሩ፣ ሌላው በየዓመቱ፣ የሽቦው ሽፋን በየ10 ዓመቱ። ሐዲዱን ለመፈተሽ 0.06 ኦም የሆነች መገናኛ ሁለቱ ሐዲዶች ላይ ያስቀምጣል፤ ሪሌዩ ለእሷ ካልወደቀ ለባቡርም ላይወድቅ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ይመዘግባል፣ ይፈርማል። ፊርማዋን እንደ ቀላል አትዩአት፤ አደጋ ከደረሰ መርማሪ የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳልፈው በእሷ ላይ ነው።

ስልኩ የሚጮኸው ግን በቀጠሮ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዲስፓቸር ይደውላል፤ አንድ ማቋረጫ ላይ መዝጊያው ወርዶ አልነሣ ብሏል፣ ባቡርም የለም፣ ፖሊስ እየደወለ ነው። ወዳጄ ተነሥቶ ይሄዳል። ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? ክረምት ከሆነ መንገድ ላይ የተበተነው ጨው ከቀለጠው በረዶ ጋር ሐዲዱ ሥር ገብቶ ኤሌክትሪኩን እያፈሰሰው ይሆናል። አይጥ ሽቦ በልታ ይሆናል። መብረቅ ይሆናል። የመዳብ ሌባ ይሆናል። በመጋጠሚያው ላይ የተከማቸ የብረት ብናኝ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ በደጉ ብልሽት በኩል ናቸው። የሚያስፈራው ዝገት ነው። ባቡር ብዙም የማይሄድበት ሐዲድ ይዝጋል፤ የዛገ ሐዲድ ላይ ደግሞ ጎማው በደንብ ላይነካ ይችላል። ያኔ ሐዲዱ የቆመበትን ባቡር ይክዳል።

ስለ ማቋረጫ ካነሣሁ አይቀር፣ ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ መሪ ላይ የሚውሉ ናቸውና ትንሽ ልቆይ። በአሜሪካ ከ200,000 በላይ የባቡርና የመኪና ማቋረጫዎች አሉ፤ በዓመት 2,000 ገደማ ግጭት ይደርሳል፣ ከ200 በላይ ሰው ይሞታል። መብራትና ደወሉ ቢያንስ ባቡሩ ከመድረሱ 20 ሰከንድ በፊት መጀመር አለበት፤ መዝጊያው ባቡሩ ሊደርስ 5 ሰከንድ ሲቀረው ተጋድሞ መጨረስ አለበት። 20 ሰከንድ ብዙ አይደለም። የተጫነ የጭነት ባቡር በሙሉ ፍጥነቱ ሲሄድ ለመቆም ከአንድ ማይል በላይ ይፈጅበታል፤ ነጂው አይቷችሁ እንኳ ምንም ላያደርግላችሁ ይችላል። በየማቋረጫው ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ አለች፤ ስልክ ቁጥርና የማቋረጫው መለያ፣ ማለት ስድስት አኃዝና አንድ ፊደል፣ ተጽፎባታል። መኪናችሁ ሐዲድ ላይ ከቆመ አስቀድማችሁ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ ከሐዲዱ ራቁ፣ ከዚያ እዚያች ቁጥር ላይ ደውሉ። 911 ከሚደርሳቸው በፊት ዲስፓቸሩ ባቡር ሊያስቆም የሚችለው በእሷ ነው። ባቡር እየመጣ ከሆነ ደግሞ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከሐዲዱ በጎን እየራቃችሁ ሩጡ፤ የመኪናው ስብርባሪ የሚበተነው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። የትራክ ሾፌር ወንድሞቼ ይህችን ለሰው ብታካፍሏት ደስ ይለኛል።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ወዳጄ የብረቱን ቤት ከፍቶ ቆሟል። ውጭ መኪና ተሰልፏል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ አንዳንዱ መዝጊያውን በጎን እየዞረ መሻገር ጀምሯል። መዝጊያው በከንቱ በወረደ ቁጥር ሕዝቡ መዝጊያን መናቅ ይማራል፤ ይሄም ራሱ አደጋ ነው። በእጁ ሁለት ጫፏ መቆንጠጫ ያላት አጭር ሽቦ አለች፤ ጃምፐር ይሏታል። በሁለት ሰከንድ ሪሌዩን በእሷ ማስነሣት ይችላል። መዝጊያው ይነሣል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሰልፉ ይበተናል፣ ፖሊሱም አመስግኖ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ባቡር ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይገባል።

ጃምፐር መሣሪያ ነው፣ ያለ እሱ ብልሽት መፈለግ አይቻልም። ደንቡ የሚለው መጀመሪያ ሌላ ጥበቃ አዘጋጅ ነው፦ ለዲስፓቸሩ ተናገር፣ ባቡሮቹ ማቋረጫው ጋ ቆመው ሰው ወርዶ መኪና እንዲያስቆም ትእዛዝ ይድረሳቸው፣ ከዚያ ንካ። ስትጨርስ ጃምፐርህን ቁጠር። በእኛ በሶፍትዌሩ ቤት የዚች ሽቦ ወንድም አለ። ፈተናው አላልፍ ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ «ዛሬ መውጣት አለበት» ሲል፣ «ለጊዜው ፈተናውን እናጥፋው፣ ሰኞ እንመልሰዋለን» የምንለው ነገር። ሰኞ መጥቶ አያውቅም። እኛ ግን በአብዛኛው የምናጣው ደንበኛ ነው።

የተረሳች ሽቦ ምን እንደምታደርግ እንግሊዞች በ1988 አይተዋል። ዲሴምበር 12 ቀን ጠዋት ለንደን ክላፓም ጃንክሽን አጠገብ ሦስት ባቡሮች ተጋጩ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቴክኒሻን በዚያ ቦታ ሽቦ ቀይሮ ነበር። አሮጌዋን ሽቦ ከአንድ ጫፏ ሳያላቅቃት፣ በሌላው ጫፏ ሳይቆርጣትና ሳይሸፍናት ገፋ አድርጎ ተዋት። ከአደጋው አንድ ቀን በፊት በዚያው ክፍል ሌላ ሥራ ሲሠራ ሽቦዋ ተነካች፤ ወደ ድሮ ቦታዋ ተመልሳ ኤሌክትሪክ ሰጠች። ሪሌዩ አልወደቀም። ባቡር አልፎ ምልክቱ ቀይ መሆን ሲገባው አልሆነም።

የምርመራው ሰብሳቢ አንተኒ ሂደን ያወጡትን ሪፖርት ያነበበ ሰው ቴክኒሻኑ ላይ ብቻ ጣቱን መቀሰር ይቸግረዋል። ሰውዬው በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ነበር። ሽቦ የሚተውበትን መጥፎ ልማድ ለዓመታት ይዞት ሲሠራ «ተው፣ እንዲህ አይደለም» ያለው አለቃ አልነበረም። ሥራው ሲያልቅ ሌላ ሰው መጥቶ ሽቦዎቹን መቁጠር ነበረበት፤ አልተቆጠሩም። እዚህ አሜሪካ ዛሬ በሕጉ መሠረት የምልክት ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ቀጥሎም 10 ሰዓት ያርፋል፤ ለአስቸኳይ ብልሽት እስከ 4 ሰዓት ይጨመርለታል። በወረቀት ጥሩ ነው። ወዳጄ ግን አንድ ነገር ይላል፦ «አስሩን ሰዓት አርፌያለሁ፤ ስልኩ መቼ እንደሚጮህ ሳላውቅ የተኛሁት እንቅልፍ ግን እንቅልፍ ነው ወይ?»

በ2022 የባቡር ሠራተኞችና ድርጅቶቹ የተካረሩበት ጊዜ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ዜናው የደመወዝ ጭማሪ ቢመስልም አንዱ ዋና ነጥብ ሲታመሙ በክፍያ መቅረት ነበር። ከ1901 ጀምሮ ያለው የምልክት ሠራተኞች ማኅበር ስምምነቱን በድምፅ ጣለው። በዲሴምበር ኮንግረሱ ስምምነቱን በሕግ አጸደቀባቸው፤ የሕመም ፈቃዱ ሐሳብ በሴኔቱ ወደቀ። ድርጅቶቹ ኋላ በየግላቸው የተወሰኑ ቀናት ሰጥተዋል። ትኩሳት ይዞት፣ ከቀረ የሚቀነስበት ሰው፣ በሌሊት የማቋረጫ ሽቦ ሲቆጥር አስቡት። ይህን የማኅበርና የአሠሪ ንትርክ አድርጎ ያሳለፈው ሁሉ ባቡር ማቋረጫ ላይ ልጆቹን ጭኖ ያልፋል።

«ታዲያ አሁን ሁሉም ኮምፒዩተር አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2008 ካሊፎርኒያ ቻትስወርዝ ላይ ስልኩ ላይ መልእክት ሲጽፍ የነበረ ነጂ ቀይ አልፎ 25 ሰው ካለቀ በኋላ፣ ባቡርን በራሱ የሚያስቆም ሲስተም በሕግ ታዘዘ። በ2020 መጨረሻ ግዴታ በሆነበት 57,536 ማይል መንገድ ሁሉ ላይ ሥራ ጀመረ። ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም እንደ ባለሙያ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ያ ሶፍትዌር «ፊት ለፊት ባቡር አለ ወይስ የለም?» ሲል በአብዛኛው የሚጠይቀው ያንኑ የሮቢንሰንን ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ከዋሸ ኮምፒዩተሩ ውሸቱን በፍጥነት ያስፈጽማል።

ፎርት ቶተን ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከአደጋው 5 ቀን በፊት በዚያ የሐዲድ ክፍል አንድ ዕቃ ተቀይሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ባቡር መኖሩን በትክክል መለየት አቁሟል፤ ከኤሌክትሮኒክስ ካርዱ የሚወጣ ያልታሰበ ሞገድ በማይገባው መንገድ ዞሮ ተቀባዩ ጋ እየደረሰ «ሐዲዱ ባዶ ነው» የሚለውን ምልክት መስሎ ይታይ ነበር። ሌሎች ባቡሮች እየሮጡ ስላለፉ አልታወቀም፤ አንደኛው ግን በክፍሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቆመ። እኔን በይበልጥ ያንገበገበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። በ2005 ሮዝሊን አጠገብ በተመሳሳይ ምክንያት ለጥቂት ግጭት ቀርቶ፣ ይህን ብልሽት የሚያገኝ የተሻለ የፍተሻ ዘዴ ተዘጋጅቶ ነበር። መርማሪዎቹ እንዳገኙት ዘዴው በየጣቢያው ሠራተኛ እጅ አልገባም። የመቆጣጠሪያው ክፍል ደግሞ ስለ ሐዲድ ብልጭ ድርግም በሳምንት በሺህ የሚቆጠር ማንቂያ ይደርሰው ነበር፤ ሺህ ማንቂያ ደግሞ ያው እንደ ዝምታ ነው። ሶፍትዌር ላይ የምትሠሩ ይህ በደንብ ይገባችኋል፤ ሁላችንም ኢሜይላችን ውስጥ ሳይከፈት በራሱ የሚከማች የማንቂያ ፎልደር አለን።

አገር ቤትስ? የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ መስመር 752 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱት የቻይና ድርጅቶች ናቸው፤ በ2024 ኃላፊነቱ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። ሪባን ሲቆረጥ ሁላችንም ፎቶውን ለጥፈናል። ርክክቡ ግን ከምርቃቱ ይበልጥ የሚያሳስብ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አዋሽና ሚኤሶ መካከል በሌሊት የምልክት ሳጥን ሲበላሽ የሚደወለው ለአንድ የእኛ ልጅ ነው። ያ ልጅ መለዋወጫ አለው ወይ? የሚያርፍበት ሰዓት አለው ወይ? ሲሳሳት የሚያርመው፣ ሲጨርስ ሽቦውን የሚቆጥርለት አለ ወይ? የከተማው ቀላል ባቡር በ2015 በ41 ባቡር ጀምሮ በመለዋወጫ እጦት ስንቱ እንደቆመ ያየ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ቅንጦት አይላቸውም። እዚህ ያለን ባለሙያዎች አገር ቤት ስንሄድ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ንግግር ማድረግ እንወዳለን። አንድ የፍተሻ ቅጽና አንድ የጃምፐር ደንብ ይዞ የሚሄድ ግን እስካሁን አላየሁም።

በመጨረሻ፣ «ሥራውን እንዴት ላግኘው?» ለሚል። ዲግሪ አይጠየቅም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕውቀት በቂ ነው። ማስታወቂያው «ሲግናል ትሬይኒ» ወይም «አሲስታንት ሲግናልማን» እየተባለ ይወጣል። ሥልጠናውን የሚሰጡት ድርጅቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ እየከፈሉህ ትማራለህ። መጀመሪያ ላይ ጀማሪ ስለሆንክ የሚደርስህ ማንም ያልፈለገው ቦታና ሰዓት ነው፤ በባቡር ቤት ሁሉ ነገር በቅድሚያ በገባ ነው። ገናም ፋሲካም ሐዲድ ላይ ሊያገኝህ ይችላል። ጡረታው ከሶሻል ሴኩሪቲ የተለየ የባቡር ሠራተኞች ጡረታ ነው፤ 30 ዓመት ያገለገለ በ60 ዓመቱ ሙሉውን ይዞ ይወጣል። ድንገተኛ የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ምርመራ አለ፣ በክልላችሁ ማሪዋና ቢፈቀድም ባይፈቀድም። የቀለም ዕይታችሁንም ይፈትኗችኋል፤ ወዳጄ ሲገባ ሐኪሙ ብዙ ባለ ነጠብጣብ ሥዕሎች አሳይቶት፣ ቀይና አረንጓዴውን አንድ በአንድ አስቆጥሮታል።